ፍልሰታ በጠራራ ፀሐይ

ፍልሰታ ሲባል አዲስ አበባ ላደገ ሰው ትዝ የሚለው ጭቃ ነው። ጭቃ፣ ጃንጥላ፣ ከነጠላ በላይ የተደረበ ጋቢ፣ ለመቁረብ ተሰልፈው በብርድ የሚንዘፈዘፉ ሕፃናት፤ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ መንገድ ዳር ከሰል ላይ የሚንጣጣ በቆሎ። ዋሽንግተንና ዙሪያዋ የምንኖር ግን ያንኑ ጾም የምንይዘው ላብ በላብ ሆነን ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ማለት በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነውና፣ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ገብቶ ወበቁ ሸሚዝ ከጀርባ ላይ የሚለጥፍበት ጊዜ ላይ ይውላል። ጋቢ የሚፈልግ ካለ ለኤሲው ብቻ ነው።

ስኒያችሁን ያዙና ስለዚህ ግጥምጥሞሽ ትንሽ እንጫወት። እኔ ነገሩን ከመታደል ነው የምቆጥረው። በዚህ አገር ደጅ ለመዋል የሚመቹት ወራት ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም የሰኔው ጾም፣ ፍልሰታውና ረቡዕ ዓርቡ ሲደማመር ግማሽ ያህሉን ይይዛል። እኛ ግን ጾም ነው ብለን ቤት እንውላለን። ደጅ መውጣት ማለት ለእኛ ጥብስ ነውና፣ ጥብስ ከሌለ ምን ሊሠራ ይኬዳል? እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን የሚያካሂደው የእግር ኳስ ውድድር እንኳ ሐምሌ 5 ከሚፈታው ከሐዋርያት ጾም ጋር ይጋጠማል። ጾመኛው ከጥብሱ ጭስ ለመሸሽ ወዲህና ወዲያ ሲል፣ ከተጫዋቾቹ እኩል ሜዳውን ይዞረዋል።

ብርሃኑን ደግሞ አስቡት። በኦገስት አጋማሽ እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ግድም ነው። አስቀድሶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህል የሚቀምስ ሰው ገና አምስት ሰዓት ሙሉ ብርሃን ይጠብቀዋል። አዲስ አበባ ቢሆን አራት ሰዓትም አይሞላም፤ ያም ዝናቡ ፈቃዱ ከሆነ ነው። ይህን ሁሉ ብርሃን በመጋረጃ ጋርደን፣ ሶፋ ላይ ተጋድመን ስልክ ስንነካካ የምናመሸው ለምንድን ነው? ገንዘብ እንዳይባል፣ ሮክ ክሪክ ፓርክ መግቢያ አይጠይቅም። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1890 ከከለለው ጀምሮ ከተማው መካከል ጫካ ሆኖ ቆይቷል፤ ወንዝ አለው፣ ጥላ አለው፣ የእንጨት ጠረጴዛ አለው። ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ፓርክ ላላችሁ ደግሞ ስላይጎ ክሪክ ደጃችሁ ነው። የወንዙን ዳር ይዛችሁ ስትሄዱ ዛፉ ከላይ ተገጣጥሞ ኦገስትን ያስረሳችኋል።

የሚያስቸግረው ስንቁ ነው። እኛ ቀለል አድርገን መውጣት አልተማርንም። ጾም ከሆነ በየዓይነቱ መሠራት አለበት ይባልና ቅዳሜ ጠዋት አራት ድስት ይጣዳል። ቀይ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ሽሮ፤ ሁሉም በዘይት የዋኘ። ወጥ ቤቱ እንደ ወፍጮ ቤት ይግላል፤ ሠሪዋ ስትጨርስ መውጣት ሳይሆን መተኛት ነው የሚያምራት። የምግብ ቤቱ በየዓይነቱ ጣፋጭ ነው፣ አልጣላውም። ግን የጾም ገበታችን እሱ ብቻ መሰለንና እሳት የማይወደውን ሌላውን ግማሽ ረሳነው።

አንድ ነሐሴ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ በደብራችን ያሉ አንዲት እናት ወደ ገበያ እየሮጥኩ እንደሆነ ሲሰሙ፣ «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ሙቀት ሽሮ ልታንተከትኪ ነው? አዚፋሽን ይዘሽ ውጪ!» አሉኝ። አዚፋ የሚሠራው ከድፍን ምስር ነው። ምስሩ ማታ ይቀቀላል፣ ውሃው ይጠነፈፋል፣ ከፊሉ በማንኪያ ጀርባ ደቀቅ ይላል። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ጥቂት ዘይትና ሰናፍጭ ይገቡበታል። ዋናው ነገር ያለው ሰናፍጩ ላይ ነው። ፍሬው እንዳለ አፍንጫ አይነካም፤ ተወቅጦ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኝ ነው ኃይሉ የሚመጣው። ሙቅ ውሃ ከነካው ያ ኃይል ይሞታል፤ ሎሚው ቀድሞ ከገባበትም ይለዝባል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጥና አሥር ደቂቃ ይተው፣ ከዚያ ሎሚው ይከተል። እማማ ይህን ሁሉ ማብራሪያ አልሰጡኝም፤ «ሰናፍጩ ዓይንሽን ካላስለቀሰ መልሰሽ ውቀጪው» ነው ያሉት።

የሱፍ ፍትፍትም እንዲሁ ነው። ሱፉ ለስለስ ብሎ ይታመሳል፣ ይፈጫል፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጠለላል። ነጩ ውሃ በጠርሙስ በረዶ ላይ ይቀመጥና ፓርክ ስትደርሱ እንጀራው ይቆረስበታል፤ ቃሪያና ዝንጅብል ካለበት ደግሞ ምኑ ይወራል። እዚህ ሱፍ ሲጠፋ የፈረንጅ ሱፍ ይተካዋል፤ ትንሽ ይከብዳል እንጂ ያበላል። ተልባውም አለ፣ የቲማቲም ፍትፍቱም አለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ገበሬዎቹ ራሳቸው በሚሸጡበት በታኮማ ፓርክ የእሁድ ገበያ ያለው ቲማቲም፣ ጥር ላይ ከሱፐርማርኬት ከምንገዛው የገረጣ ነገር ጋር ዝምድናም የለው። ቢላዋ ሲያርፍበት ውሃው ይፈሳል፤ ጨው፣ ቃሪያና እንጀራ ከተገኘ በቂው ነው።

እንጀራውን ካነሳን፣ የጤፍ ፍሬ ከማነሱ የተነሳ እንደ ስንዴ ነጭ ዱቄትና ፉርሽካ ተብሎ አይለይም፤ ሁለመናው ነው የሚፈጨው። ሙሉ እህል ብሉ እየተባለ በየመጽሔቱ የሚሰበከውን እኛ ሳንሰበክ ስንበላው ኖረናል። ሙቀት ላይ ግን እንጀራ ቶሎ ይሻግታል፤ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ያዙ።

ሙቀቱን ካነሳን ደግሞ አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። የዚህ አገር የምግብ ደህንነት መመሪያ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ የበሰለ ምግብ ከአንድ ሰዓት በላይ ያለ በረዶ ውጭ አይቀመጥ ይላል። አዚፋውም ሱፉም በረዶ ይፈልጋሉ ማለት ነው። በረዶ መሸከም ለሰለቸው፣ አያቶቻችን መፍትሔውን ቀድመው አግኝተውታል፦ ቆሎና በሶ። ደረቅ ነገር ሙቀት አይፈራም። በሶው በዘይትና በጨው ታሽቶ፣ ቆሎው ከሱፉ ጋር ተቀላቅሎ በከረጢት ሲያዝ፣ አንድ ፔርሙዝ ቡና ካለ ቀኑን ሙሉ ጫካ ውስጥ ያውላል። ነጋዴው ቅፍለት አድርጎ፣ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ አገር ያቋረጠው በዚሁ ነበር።

የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ቪጋን ናት። አንድ ቀን አብራን ወጥታ አዚፋውን በላች፣ ከዚያ ይህን ስትበሉ ስንት ዓመታችሁ ነው ብላ ጠየቀችን። መቶ ዓመቱን በጣት ቆጥረን አቃተን። እሷ እያንዳንዱን እሽግ ገልብጣ ሳታነብ የማትበላ ሰው ናት፤ የእኛ ገበታ ላይ የሚነበብ ጽሑፍ አለመኖሩ ገረማት። የተለያየነው ባቀረብነው ብርዝ ብቻ ነው። የእኛ ጾም ማር አይከለክልም፣ እሷ ግን ከንብ የተወሰደ ነው ብላ አትነካም። የእሷን ድርሻ ሐብሐብ አድርገን ተለያየን። ዓመቱን ሙሉ እንደ እሷ ለመዝለቅ የሚያስብ ካለ ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 ከአትክልት አይገኝምና ሐኪሙን ያማክር። ፀሐዩም ቢሆን ይጠቅማል፤ ጥቁር ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ከነጩ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፣ የብርዱ ወራት ፀሐይ ደግሞ እዚህ ለዚያ አይበቃም።

በቆሎውን ሳላነሳ ባልፍ የሚቀየመኝ አለ። የሜሪላንድ በቆሎ የሚደርሰው በዚያው በፍልሰታ ሰሞን ነው፤ ግን ስኳር ነው። የለመድነው፣ ጥርስን የሚታገለው እሸት አይደለም። ስኳሩ በከሰል ቶሎ ያርራል፤ ስለዚህ ልብሱን ሳትገፉ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጥበሱት፣ መጨረሻ ላይ ግለጡና ከሰሉ ትንሽ ይላሰው። ምድጃ በተዘጋጀበት የፓርኩ ቦታ ላይ ነው እንጂ እንደ አገር ቤት ሦስት ጉልቻ ተክሎ እሳት ማንደድ የለም።

ግቢ የሌለው ሰውም ቢሆን በረንዳ አያጣም። አንድ ማሰሮ በሶብላ፣ አንድ ማሰሮ ቃሪያ፣ አንድ ማሰሮ ጤና አዳም። በሶብላው የመጀመሪያው ውርጭ ሲመጣ ይሞታልና ሳይቀድማችሁ ቁረጡት፤ ጤና አዳሙ ግን ብርዱን ችሎ ይከርማል። ቅጠሉን ለቡናችሁ ስትቀጥፉ በጠራራ ፀሐይ አይሁን። የቅጠሉ ፈሳሽ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ውሃ ያስቋጥራል፣ ጠባሳውም ወር ያስቆጥራል። ጠዋት ወይም ማታ ቀጥፉ፣ ቀጥፋችሁም እጃችሁን ታጠቡ፤ ልጆችንም ከማሰሮው አርቁ።

ነሐሴ 16 ሲፈሰክ ዶሮው ይምጣ፣ እኔም አለሁ። ፓርክ ድረስ ይዛችሁት እንዳትመጡ ብቻ፤ ያን ድስት ማን ይሸከማል?