ስልክ ይተካል፤ ውስጡ ያለው ግን…

ባለፈው ሳምንት እዚህ ናይሮቢ ማታቱ ውስጥ ስልኬን ተሰረቅኩ። ስልኩስ ይተካል። ያስለቀሰኝ ከሀገር ስወጣ እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ስትመርቀኝ የቀረፅኩት ቪዲዮ አብሮ መሄዱ ነው። እናቴ ዛሬ በሕይወት የለችም። «ነገ ኮምፒውተር ላይ እገለብጠዋለሁ» እያልኩ ዓመት አለፈ።

እናንተ ነገ አትበሉ። ኬብላችሁን ይዛችሁ ኮምፒውተር ያለው የምታምኑት ሰው ዘንድ ሂዱ። አንድሮይድ ከሆነ የስልኩን ቁልፍ ክፈቱ፣ ኬብሉን ሰኩ፣ «ፋይል ትራንስፈር» የሚለውን ምረጡ። ከዚያ ካሜራው ያነሳው ሁሉ ያለበትን «ዲሲአይኤም» የሚባል ፎልደር ኮፒ አድርጉ፤ ከት እንዳታደርጉ! ኮምፒውተሩ ላይ መከፈቱን ሳታዩ ከስልኩ ምንም አታጥፉ።

ለኬዛችሁ ማስረጃ የሚሆን ፎቶ ካላችሁ ደግሞ በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ ልኬዋለሁ ብላችሁ አትተኙ፤ ጥራቱ ይቀንሳል፣ የተነሳበት ቀንም ከፋይሉ ይጠፋል። ሳይበር ቤት ከሆናችሁ በፍላሽ ይዛችሁ ውጡ፤ እዚያ የቀረውን አጥፉ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉ።

ከሀገር ስንወጣ አልበም አልያዝንም። አልበማችን ኪሳችን ውስጥ ያለው ነው። ዛሬውኑ ገልብጡ፤ ለማይችሉት አባቶችና እናቶችም አግዟቸው።