የአክስቴ ፎቶግራፍ

በዚህ ሴሚስተር የመገናኛ ብዙኃን ሕግና ሥነ ምግባር ስንማር መምህራችን «ሕገ መንግሥቱን ከዳር እስከ ዳር አንብባችሁ ኑ» አሉን። እውነቱን ለመናገር እኔ የፈለግሁት ስለ ፕሬስ ነጻነት የሚያወራውን አንቀጽ 29ን ብቻ ነበር። ስለ ሴቶች መብት የሚናገረው አንቀጽ 35 ላይ ስደርስ ግን አክስቴ ትዝ አለችኝ።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ የምትኖረው ምዕራብ ጎጃም ገጠር ውስጥ ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ከባሏ ጋር ሊፋቱ ሆነና ሽማግሌ ተቀመጠ። አሥራ አራት ዓመት አብራው አርማ፣ አጭዳ፣ ወቅታ «መሬቱ የአባቶቹ ነው፤ አንቺ ላምሽን ይዘሽ ወደ ወንድምሽ ግቢ» ተባለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ማን መሰላችሁ? አባቴ! ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እህቱን ሊያስጠጋ ቤቱን ከፍቶላታል። ድርሻዋ የት ሄደ ብሎ ግን አልጠየቀም።

አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። አንቀጽ 35 ብትሏት «እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ሳትላችሁ አትቀርም። አንድ ነገር ግን ታውቃለች፤ በመሬት ደብተሩ ላይ ከባሏ ፎቶግራፍ ጎን የሷም ተለጥፏል። ደብተሩን በነጠላዋ ቋጥራ ወረዳ ፍርድ ቤት ሄደች። በቀጠሮ ስትመላለስ ሁለት ክረምት አለፈ፤ በመጨረሻ ግማሹ ተወሰነላት። አባቴ ያን ሁሉ ጊዜ «ሽማግሌ አዋረደች» ብሎ አኩርፏት ነበር።

ያ ፎቶግራፍ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደረገ፣ ሚስት እንድትታዘዘው የሚያዝ፣ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር የሚፈቅድ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ በጋብቻም በፍቺም፣ በመሬትም በውርስም እኩል ናቸው አለ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ እስኪሻሻል ግን 1992 ዓ.ም. ደረሰ፤ ያውም የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ስንት ከወተወተ በኋላ። ጠልፎ ያገባን ሰው ከቅጣት ያድን የነበረው የድሮ ድንጋጌ ደግሞ የቀረው አዲሱ የወንጀል ሕግ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ነው። እኩል ናችሁ ከተባለ አሥር ዓመት መሆኑ ነው እንግዲህ! በመሀሉ የተጠለፈችው ልጅ ምን ትበል?

ክፍላችን ውስጥ «ሕግ ባህልን አይለውጥም» እያለ የሚከራከር ልጅ አለ። ግማሽ እውነት አለው፤ አባቴን ሕጉ አልለወጠውም። አክስቴ ግን አባቴ እስኪለወጥ ብትጠብቅ ኖሮ ዛሬም እኛ ቤት እንጀራ ስትጋግር ባገኘኋት ነበር።

ለፋሲካ ቤት ስሄድ እሷም መጥታ ነበር፤ ታርቀዋል። ሦስታችን ቁጭ ብለን ሳለ ደፈር አልኩና «አባዬ፣ በውርሱ የእኔና የወንድሜ ድርሻ እኩል ነው አይደል?» አልኩት። አክስቴ ሳቋ አመለጣት። እሱ ዝም ብሎ አየኝና «ቡናው አልደረሰም እንዴ?» አለኝ።