ደላላውና የእጅ ስልኩ

እኛ ባልና ሚስት ቤት ለመግዛት የቆረጥነው አምና፣ ሁለተኛው ልጃችን በተወለደ በሦስተኛው ወር ነበር። ከደመወዛችን እየቆነጠርን ያጠራቀምነው ገንዘብ ለአዲስ አበባ የሚበቃ ባለመሆኑ ዓይናችንን ደብረ ብርሃን ላይ ጣልን። ማታ ማታ ሕፃኑ ሲተኛ በቴሌግራም የሚወጡትን የቤት ማስታወቂያዎች እናገላብጥ ነበር። ጥቅሙን አንክድም፤ የየሰፈሩን ዋጋ አውቀንበታል። «ከደላላ ነፃ» የሚለውም ቃል፣ በልማድ የሚጠየቀውን ሁለት በመቶ ለማዳን ለሚሻ ሰው፣ ጆሮ ይስባል።

አንዱን ቤት ወደድነው። ፎቶግራፉ የተነሣው በበጋ ኖሯል፤ እኛ ፈቃድ አግኝተን የደረስነው በነሐሴ በመሆኑ ከላይኛው መንገድ የሚወርደው ጎርፍ ግቢውን አቋርጦ ሲያልፍ አየን።

ስለዚህ ወደ ደላላ ዞርን። አዛውንቱ የየጎረቤቱን ጠባይ፣ የማን ግድግዳ በየትኛው ክረምት እንደተሰነጠቀ ሳይቀር በቃላቸው ያውቃሉ። ይህን ስልክ አይነግርም። ያሳዩን ሦስተኛው ቤት ልባችንን ወሰደው።

«ልጆቼ፣ ዛሬ ቀብድ ካልሰጣችሁ ነገ አታገኙትም» አሉን።

እጃችን ወደ ኪሳችን ሄዶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ገንዘቡን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ይሁን እንጂ ከባዶ ኪስ እጥፍ አይወጣም። የከተማ መሬት ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ሀብት መሆኑ ስለቀረ የምንገዛው ቤቱንና የመሬቱን የመጠቀም መብት ነው፤ ማኅደሩም የሚገኘው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። በማግስቱ ሻጩን ይዘን ወደዚያው ሄድን። ካርታው እውነተኛ ነው፤ ማኅደሩ ላይ ግን የባንክ ዕገዳ ሰፍሯል።

አዛውንቱ አንገታቸውን ደፉ። «እኔ ካርታውን እንጂ ማኅደሩን ማን ያሳየኛል?» አሉ። ከሁለታችን አንዱ አምኗቸዋል፤ ሌላዋ እስከ ዛሬ አላመነቻቸውም።

የሆነ ሆኖ ባለፈው መጋቢት የገዛነውን ቤት ያገኙልን እኒሁ ሽማግሌ ናቸው። በዚህኛው ጊዜ ማኅደሩን ያየነው ስለ ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት ነው። ውሉ ተመዝግቦ ሲያበቃ ሁለት በመቶአቸውን ቆጥረን ሰጠናቸው። ግቢው ጎርፍ እንደማያስገባ ምለውልናል፤ ነሐሴን እየጠበቅን ነው።