በቃል ያዘዝኩት ቁፋሮ

ጉቦ አልበላሁም። ይህን የማስቀድመው እንድመሰገንበት አይደለም፤ ለብዙ ዓመት የተሸሸግኩት ከዚህ ቃል ጀርባ ስለሆነ ነው። ለንስሐ አባቴም ጉዳዩን አንሥቼላቸው ነበር። ስለ መሠረት ጥልቀት፣ ስለ ሀርድኮር፣ ስለ ክፍያ ሰርተፊኬት ለማስረዳት ስፍጨረጨር በትዕግሥት ሰሙኝና «ገንዘብ ተቀብለሃል?» አሉኝ። «አልተቀበልኩም አባ» አልኳቸው። እሳቸው ቀለል አላቸው፤ እኔን ግን የባሰ ከበደኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ የኔ ጥፋት ግን በዚያ ጥያቄ የሚወጣ ዓይነት አልነበረም። ስለዚህ ለእናንተ እናገራለሁ።

ሥራው የአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ ነበር። ዲዛይኑንም ቁጥጥሩንም የያዘው የምሠራበት አማካሪ ድርጅት ሲሆን፣ እኔ ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ነበርኩ። ቦታው ጥቁር አፈር ነው። የበቾን ወይም የፎገራን ሜዳ የረገጠ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል፤ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በላዩ ያረፈውን ግድግዳ አንሥቶ ይሰነጥቀዋል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ጥቁሩን አፈር ጠርጎ አውጥቶ ጠንካራው መሬት ላይ መመሥረት፣ አለዚያም በሰሌክት፣ ማለትም በማያብጥ የተመረጠ አፈር መተካት። ዲዛይኑ የመሠረቱን ጥልቀት 1.50 ሜትር ብሎታል። በላይኛው ማዕዘን እውነትም እዚያ ላይ ጠንካራ መሬት ተገኘ። ወደ ታችኛው ማዕዘን በሄድን ቁጥር ግን ጥቁሩ እየወፈረ ሄዶ ያለቀው 2.70 ሜትር ላይ ነው።

ተቋራጩ ከግንበኝነት ተነሥተው ፈቃድ ያወጡ፣ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው አፈሩን በአካፋ ጫፍ ነካ ነካ አደረጉና ቀና ብለው አዩኝ።

«ጠንካራው እስኪገኝ ይቆፈር» አልኩ።

«ወረቀቱስ ኢንጂነር?»

«ይደርሳል።»

ትዕዛዙ ራሱ ትክክል ነበር፤ በእሱ ዛሬም አልጸጸትም። የውላችን አጠቃላይ ሁኔታዎች የተቀዱት ከዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን (ፊዲክ) የ1999 እ.ኤ.አ. ቀይ መጽሐፍ ነው። እዚያ ላይ አንቀጽ 13 መሐንዲሱ የሥራው ርክክብ ከመፈጸሙ በፊት መጠኑን፣ ከፍታውን፣ ልኩን እንዲለውጥ ሥልጣን ይሰጠዋል። ለውጥ (ቫሪየሽን) ወንጀል አይደለም፤ መሬት ከሥዕል ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። ዋጋውም ቢሆን መንገድ አለው። በሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝሩ (ቢል ኦፍ ኳንቲቲ) ላይ የነበረው የቁፋሮ ዋጋ እስከ 1.50 ሜትር ብቻ የሚያገለግል ነበር። ከዚያ በታች ላለው፣ በአንቀጽ 12.3 መሠረት፣ ከተቀራራቢ ዋጋዎች ተነሥቶ፣ እነሱም ከሌሉ ከተገቢ ወጪና ትርፍ ተሰልቶ አዲስ ዋጋ ይወጣለታል። ሁሉም ግን የሚጀምረው ከአንዲት ደብዳቤ ነው።

ሌላም አንቀጽ አለ፤ 3.3። በቃል የታዘዘ ተቋራጭ ትዕዛዙን በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካረጋገጠ፣ መሐንዲሱም በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካልመለሰ፣ የተቋራጩ ደብዳቤ ራሱ እንደ ትዕዛዝ ይቆጠራል። ይህን አንቀጽ አውቀው ነበር። እሳቸው አያውቁትም፤ አለማወቃቸውንም አውቅ ነበር። ቀኑ እስኪያልፍ ሆን ብዬ ጠበቅኩ አልልም፤ እንደዚያ አስቤ አልነበረም። ሲያልፍ ግን እፎይ ማለቴን አስታውሳለሁ፤ ሰው ያልጠበቀው ነገር ሲያልፍ ደግሞ እፎይ አይልም።

ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ሰኔ ነበር። ቫሪየሽን ለማጽደቅ አሠሪው መሥሪያ ቤት ተጨማሪ በጀት መጠየቅ አለበት፤ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፣ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ ደብዳቤው ከወንበር ወንበር ሲዞር ክረምቱ ይገባና ጉድጓዱ ውኃ ይሞላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እውነት በመሆኑም ነው ያን ያህል ያገለገለኝ።

ሁለተኛው ምክንያት ክብር ነበር። በመሥሪያ ቤቶቻችን ቫሪየሽን ሲባል ሰው ዓይኑን ያጠባል። ያለምክንያትም አይደለም፤ ጨረታውን በወረደ ዋጋ አሸንፎ የጎደለውን በለውጥ ሥራ መሙላት የቆየ ዘዴ ነው። ስለዚህ እንደኔ ያለው መሐንዲስ «የኔ ፕሮጀክት ያለ ቫሪየሽን ነው ያለቀው» ማለትን እንደ ንጽሕና ማስረጃ ይዞ ይዞራል። እኔም ብዬዋለሁ፤ በስብሰባ ላይ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ከሁለቱም ሥር ግን ሦስተኛው ነበር፤ እሱን ለመጥራት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። የለውጥ ጥያቄ ሲጻፍ ምክንያቱ ይጻፋል። ምክንያቱ ደግሞ የአፈር ምርመራው በቂ አለመሆኑ ነበር። የተቆፈረው የመሞከሪያ ጉድጓድ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም በላይኛው ማዕዘን ነው፤ ከሪፖርቱ ግርጌ ያለው ፊርማ የኔ ነው። ለምን አንድ ብቻ? ቀኑ መሽቶብን ነበር ብል ደስ ባለኝ። አልመሸም። መኪናው ሊደርስ የቻለው እስከዚያ ድረስ ስለሆነ ነው።

ተቋራጩ ከአንዴም ሁለቴ ስለ ወረቀቱ ጠየቁኝ፤ ከዚያ ስለ ገንዘቡ። የቀን ሠራተኞች ደመወዝ ነበረባቸው። ያን ጊዜ መላ ያገኘሁ መሰለኝ። በሕንፃው ዙሪያ በሚነጠፈው የኮንክሪት ንጣፍ ሥር 25 ሳንቲ ሜትር ሀርድኮር፣ ማለትም የድንጋይ ሙሊት፣ መግባት ነበረበት። «እሱን ይተዉት፤ እንደገባ አድርጌ እለካዋለሁ» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያ የልኬት ቅጹ (ቴክኦፍ ሺት) ላይ ፈረሙ፤ እኔም ፈረምኩ። የተከፈለው ከተሠራው ጋር በወረቀት ላይ የገጠመ እንዲመስል ደግሞ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ በሚረከበው ሥዕል ላይ የመሠረቱን ጥልቀት ዙሪያውን 1.50 ሜትር ብዬ ተውኩት። በኪሴ የገባ ነገር የለም። እንዲያውም ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። የሀርድኮሩ ዋጋ የቁፋሮውን ግማሽ እንኳ እንደማይሸፍን ማስላት እችል ነበር፤ አላሰላሁም። ኮንክሪት ሚክሰራቸውን መሸጣቸውን የሰማሁት በኋላ ከሌላ ሰው ነው።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን የማላውቀው ወጣት መሐንዲስ ደወለልኝ። ከጤና ጣቢያው ጎን የማዋለጃ ክፍሎች እየተጨመሩ ነው፤ ተቆጣጣሪው እሱ ነው፤ ቁጥሬን ከድሮው ፋይል አግኝቷል። «ይቅርታ ላስቸግርዎት» ብሎ ጀመረ። አዲሱ ዲዛይን ጥልቀቱን የወሰደው ከኔ ሥዕል ነው፤ 1.50 ሜትር። ሲቆፍሩ ጥቁሩ አፈር አላለቀም፤ የነባሩ ሕንፃ መሠረትም ከሥዕሉ ወርዶ ተገኘ። የዙሪያው ንጣፍ ደግሞ ተሰነጣጥቋል፣ በስንጥቁ የክረምት ውኃ እየገባ ወደ መሠረቱ ይሰርጋል፤ አንሥተው ቢያዩት ከሥሩ ድንጋይ የለም፣ ኮንክሪቱ ያረፈው በቀጥታ ጥቁሩ ላይ ነው።

«መሠረቱ ለምን እንደወረደ ግራ ገብቶኛል» አለ። «ንጣፉ ግን ግልጽ ነው። ተቋራጩ በልተውታል። እርስዎንም አታልለዋል ማለት ነው።»

አዘነልኝ። ድምፁ ውስጥ ሰማሁት። ሌባ ብሎ ቢሰድበኝ ምናልባት እከራከረው ነበር፤ ጉቦ አልበላሁም እል ነበር። እሱ ግን ፊርማዬን አይቶ ንጹሕ ሰው ተታለለ ብሎ አዘነልኝ፤ ያዘነልኝም እኚያ ሽማግሌ ሌባ በሆኑበት ዋጋ ነው። ሀርድኮሩን ሳስቀር፣ ሥዕሉን ሳሳስት፣ ደብዳቤውን ስከለክል ያልታየኝ ያን ጊዜ ታየኝ። ለካ ወረቀቱ ሁሉ እኔን እንዲጠብቅ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ያለ ሐሳቤ ግን በእጄ።

እዚህ ላይ ወዲያው እውነቱን ነገርኩት ብዬ መጻፍ አልችልም። «እስቲ ፋይሉን ልየውና እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁ። የማየው ፋይል አልነበረኝም። መልሼ የደወልኩት በማግስቱ ነው፤ ያደርኩትም ስለ ሕሊናዬ ሳይሆን በአብዛኛው ስለ ሥራ ፈቃዴ ሳስብ ነው። ሲነጋ ደውዬ ያዘዝኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሀርድኮሩን ያስቀረሁትም እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ በጣም በትሕትና «በጽሑፍ ሊሰጡኝ ይችላሉ? ለቫሪየሽኑ ማስረጃ ያስፈልገኛል» አለኝ። እሱ ሊጽፈው ነበር፤ እዚያው ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ፣ በሰኔ አጠገብ።

ተቋራጩን አፈላልጌ አገኘኋቸው። ፈቃዳቸውን ካላደሱ ቆይተዋል፤ የልጃቸውን የሕንፃ መሣሪያ መደብር ይጠብቃሉ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ሁሉንም በራሴ ላይ ልጭን ስል አቋረጡኝ። «እኔም ፈርሜበታለሁ፤ እጄን ይዘህ አላስፈረምከኝም» አሉ። ያ ያቃልልልኛል ብዬ ነበር፤ አላቀለለልኝም፤ የቀን ሠራተኛ ደጃፉ ላይ የቆመበትና ደመወዙ በወሩ የሚገባለት ሰው አንድ ወረቀት ላይ ቢፈርሙም ፊርማቸው እኩል አይደለም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ በደብዳቤው ላይ ቁፋሮውን ማን እንዳዘዘ በግልጽ እንድጽፍና ግልባጩን እንድሰጣቸው።

ለአሠሪው መሥሪያ ቤት ጻፍኩ። ትክክለኛውን ጥልቀት፣ ያልገባውን ሀርድኮር፣ የመሞከሪያ ጉድጓዱን ቁጥር፣ ሁሉንም። ግልባጩም ደርሷቸዋል። የቁፋሮው ዋጋ ግን አልተከፈላቸውም፤ አይከፈላቸውምም። በአንቀጽ 20.1 ተቋራጩ ይገባኛል የሚለውን በ28 ቀናት ውስጥ ካላሳወቀ መብቱን ያጣል፤ እሳቸውም በቃሌ አምነው ምንም አልጻፉም ነበር።