ለዘጠኝ ሰው የተጋገረ

አንድ ውሸት አለብኝ። ትልቅ አይደለም፤ ማንንም አላሳሰረም፣ የማንንም ገንዘብ አልበላም። ግን ከአሥር ዓመት በላይ ስደጋግመው ኖሬ እኔው ራሴ ላምነው ምንም አልቀረኝም ነበር። ወጣቶች ስለ እግር ጉዞ ሲያወሩ በሰማሁ ቁጥር ጣልቃ እገባና፣ «እኛ እኮ በ2000 ዓ.ም. ከጮቄ ግርጌ ተነስተን አዘና ድረስ በእግራችን ሄደናል» እላለሁ። ውሸቷ ያለችው «እኛ» የምትለው ቃል ውስጥ ነው። ዘጠኝ ሆነን ተነሳን፤ አዘና የደረሱት አራት ናቸው። እኔ ከአራቱ አልነበርኩም።

ያን ጊዜ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። ከዘጠኛችን ሰባቱ መምህራን፣ ሁለቱ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ነበርን። ጉዞውን ያሰቡትም የመሩትም ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ የአዘና ሰው ናቸው። ስለ ሰባት ቤት አገው ሲያወሩ አይጠግቡም። ሰባት ወንድማማቾች ከላስታ ተነስተው ወደዚያ አገር ገቡ፤ አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም፣ ኳኩራ፣ ጫራ፣ መተከል፣ አዘና የሚባለው ሁሉ ከነሱ የቀረ ስም ነው ይላል አፈ ታሪኩ። «ሰባት ሆነው ወጥተው ሰባት ሆነው ደረሱ፤ እኛ ደግሞ ዘጠኝ ነን፣ እንበልጣቸዋለን» ይሉን ነበር እየሳቁ።

የጮቄን ነገር አላስረዝምም። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሌሊቱን በብርድ ተንቀጥቅጦ፣ ጠዋት ጅባራው መሐል የፀሐይን መውጣት የጠበቀ ሰው ያውቀዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ወንድማማች ነበርን። አንዱ የሌላውን ሸክም ይነጥቃል፣ ቆሎው ከአንድ ከረጢት ይበላል። ግሽ ዓባይ ስንደርስ ጋሼ ጸበሉ አጠገብ አስቀምጠው የጄምስ ብሩስን ታሪክ ነገሩን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኅዳር 1770 እዚያ የደረሰው ስኮትላንዳዊ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ አለ። ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 ቀድሞት ደርሶ ነበር። ከዚህ የባሰው ደግሞ አብሮት የተጓዘውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ፣ ሉዊጂ ባሉጋኒን፣ ከታሪኩ ማውጣቱ ነው። ባሉጋኒ የሞተው ከግሽ መልስ ጎንደር ላይ ነው፤ ብሩስ ግን ወደ ምንጩ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈው። ሁላችንም በብሩስ ላይ ተቆጣን። እኔማ የተጓዥ ማስታወሻና እውነት በሚል ርዕስ ትንሽ ሌክቸር ቢጤ ሳላደርግ አልቀረሁም።

ነገር የተበላሸው መጨረሻ ላይ ነው። እንዲያውም ያስተዋልኩትን ልንገራችሁ፤ የጉዞ ጓደኛ ዳገት ላይ አይጣላም። የሚጣላው መንገዱ ሊያልቅ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ስንቁ ያልቃል፣ ጨዋታው ያልቃል፣ የሰው ሳል እንኳ መሰልቸት ይጀምራል። ዘንገና ሐይቅ ዳር ባደርንባት ሌሊት ማን ውኃ እንደሚቀዳ ተጨቃጨቅን። ያቺን የመሰለች ክብ ሐይቅ፣ በዛፍ ተከባ እንደ ዓይን የምታይ ሐይቅ ዳር ተቀምጠን፣ ስለ አንድ ጄሪካን ውኃ!

ጋሼ ዝም ብለው እሳቱን ሲቆሰቁሱ ቆዩና ከሠላሳ ዓመት በላይ አገራቸውን ያልረገጡበትን ምክንያት ያን ሌሊት ነገሩን። እናታቸው ሲሞቱ ሩቅ ነበሩ፤ ለቀብር አልደረሱም። ዛሬ ነገ ሲሉ ዓመት አለፈ። ዓመት ሲያልፍ ፊት አጡ። «አሁን እህቴ ትጠብቀኛለች፤ ዘጠኝ ነን ብዬ ልኬባታለሁ» አሉ። ጭቅጭቁ ቆመ። ሁላችንም አንጀታችን ተላወሰ፤ ተኛን።

በማግሥቱ እንጅባራ ገባን። በድሮ ስሟ ኮሶበር ነች፤ ብርዷና ጭጋጓ እንዳለ፣ ቀርቀሃዋ እንዳለ። የተረሳው የሞባይል ስልክ ሁሉ መጮህ ጀመረ። አንዱ ስብሰባ ተጠርቷል፣ የአንዷ ልጅ አሞታል፣ ሌላው ፈተና ያርማል። የኔ እግር ውኃ ቋጥሮ ነበር። እውነቱን ልናገር ከተባለ ግን እግሬ አልነበረም የመለሰኝ። ባሕር ዳር የሚሄደው አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል፤ ባሕር ዳር ደግሞ ሙቅ ውኃና አልጋ አለ። የሰው ልጅ አንዳንዴ ይህንኑ ያህል ነው። የጋሼን ታሪክ በሰማሁ በአሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ ቲኬት ቆረጥኩ። አምስት ሆነን ተሳፈርን።

ጋሼ አልተቆጡም። ጉልበታቸው አብጦ በዱላ ነበር የሚሄዱት። መስኮቱ ሥር መጥተው የቀረቻቸውን በሶ በላስቲክ ቋጥረው አቀበሉኝና «ደህና ግቡ ልጆቼ» አሉ። በሶዋን መንገድ ላይ በላኋት።

ተራራ ወጪዎች ጫፍ መድረስ የመንገዱ ግማሽ ነው ይላሉ፤ ሌላው ግማሽ በደህና መመለስ ነው። እኔ ግን ስለ ሂማላያ ከሚነገረው ሁሉ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ቴንዚንግ ኖርጌይና ኤድመንድ ሂላሪ ግንቦት 21 ቀን 1945 ዓ.ም. ኤቨረስት ጫፍ ሲደርሱ፣ ዓለም አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ ቀድሞ የረገጠው ማን ነው? ሁለቱም አብረን ደረስን አሉ። ቴንዚንግ ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ሂላሪ በጥቂት እርምጃ ቀድሞኛል እስኪል ድረስ አፋቸውን አልፈቱም። በአንድ ገመድ የታሰረ ሰው ቀደምኩ አይልም። የነሱ «እኛ» እና የኔ «እኛ» ፊደላቸው አንድ ነው። እነሱ ቀዳሚውን ሊሸሽጉ ተጠቀሙበት፤ እኔ ቀሪውን፣ ማለትም ራሴን።

ጋሼ በ2009 ዓ.ም. አረፉ። ቀብራቸው ላይ ተገኘሁ፤ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬም ያቺን የጉዞ ታሪክ እንደ ወትሮዬ ተረክኋት። ከአራቱ አንዱ አጠገቤ ነበር። ምንም አላለም፤ ንፍሮውን ዘገነና ሌላ ቦታ ሄዶ ተቀመጠ።

ያቺ ዝምታ ነች በ2011 ዓ.ም. አዘና ያደረሰችኝ። በእግር አይደለም፤ በሚኒባስ። በ2000 ዓ.ም. እምብዛም ያላየሁት ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ በየማሳው በቅሏል። ከአስፋልቱ ወጥተን ጥቂት ሄድንና አዘና ገባን። ዐሥራ አንድ ዓመት የሸሸኋት ከተማ እንደማንኛውም የወረዳ ከተማ ናት፤ የቆርቆሮ ቤት፣ ባሕር ዛፍ፣ ገበያ ውሎ የሚመለስ ሰው። የጋሼን ቤተ ዘመድ ስጠይቅ አንድ ልጅ እጄን ይዞ እህታቸው ቤት አደረሰኝ።

እማሆይ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ብዙ አዩኝ።

«ዘጠኝ ነን ብሎ ልኮብኝ ለዘጠኝ ጋገርኩ» አሉ። «አራት ሆነው መጡ። ‹ሌሎቹሳ?› ብለው፣ ‹ከኋላ ናቸው፣ ይደርሳሉ› አለኝ። እስከ ማግሥቱ መሶቡን ሳላነሳ ጠበቅኋችሁ።»

ከዚያ የሆነውን ነገሩኝ። ጋሼ በማግሥቱ ሦስቱን ጓደኞቻቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ የእናታቸው መቃብር ላይ ቆሙ፤ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ልቅሶው እንደ አዲስ ተለቀሰ። «ሰው ይዞ መምጣቱ ደግ ነው» አሉ እማሆይ። «ብቻውን ቢመጣ ምን ብዬ አለቅስለት ነበር?»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እኛ እግር ጉዞ መስሎን የሄድንበት ለጋሼ ልቅሶ መድረስ ነበር። በእኛ አገር ለልቅሶ ብቻውን የሚሄድ የለም። ሰው ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል፣ መሥሪያ ቤቱን ይዞ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ የዘገየ ሰው ደግሞ እፍረቱን የሚሸከምለት ሰው ያበዛል። ጋሼ ለሠላሳ ዓመት እፍረት ስምንት ሰው ቢያንስ እንጂ አይበዛባቸውም ነበር። ዕድር ድንኳን ውስጥ ሰው እንዳይጎድል ስም እየጠራን የምንቆጣጠር ሰዎች፣ አምስት ሆነን ከመናኸሪያ ተመለስን። እሳቸው ደግሞ ለኛ ብለው እህታቸውን ዋሹ።

«እማሆይ፣ እኔ ከአራቱ አይደለሁም» አልኩ። «ከኋላ ከቀሩት ነኝ።»

«አውቄያለሁ» አሉ። «ታዲያ እሱ መቼ ዋሸ? ይደርሳሉ አለኝ፤ ይኸው ደረስክ። ግባ፣ እህል ቅመስ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔው ለመጥራት ብዙ ማደር ፈለገ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጉዞውን ስተርክ «እነሱ አዘና ደረሱ፤ እኔ እንጅባራ ላይ ቀረሁ» እላለሁ። ታሪኩ ያጥራል፤ የሚያደንቀኝም ሰው ቀንሷል።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አማራ ክልል ውስጥ ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ያ መንገድ ሰው እንደ ድሮው ተነስቶ የሚሄድበት መሆኑ ቀርቷል። ያኔ የተንቀሁት የአንድ ቀን መንገድ ዛሬ ብመኘውም እንደ ልቤ የማላገኘው ሆነ። አብረውኝ አውቶቡስ የተሳፈሩት አራት ሰዎች ይህን ጽሑፍ ያነቡት ይሆናል። ሁለቱ ውጭ አገር ናቸው፤ ሁለቱን አልፎ አልፎ አገኛቸዋለሁ፤ ስለ አዘና ግን አንስተን አናውቅም። አሁን ላንሳው። መንገዱ ሰላም ሲሆን እናንተም ሂዱ። ልጁ ቤቱን ያሳያችኋል። እማሆይ ባይኖሩ እንኳ መቃብሩ አለ። ማን ናችሁ ሲባል «ከኋላ የቀረነው ነን» በሉ፤ ይበቃል።