ፍጥነት ከእግር ይጀምራል

አብዛኞቻችን ኳስ ሲባል በእግር የምትለጋዋን ብቻ እያወቅን ያደግን ነን። ለትምህርት አሜሪካ መጥተን ከቤዝቦል ጋር ስንተዋወቅ ልባችንን የወሰደው ግን መቺው ሳይሆን ወርዋሪው ነው። እሱ ከቆመበት እስከ መቺው ሰሌዳ ድረስ 18.44 ሜትር ነው፤ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የተወረወረች ኳስ ይህችን መንገድ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላት ትጨርሳለች። «እንዴ! ይሄማ ጥይት ነው» ተባባልንና ልምምድ ጀመርን።

ሰው ሁሉ ፍጥነት ከክንድ የሚመጣ ይመስለዋል። ኧረ ተዉ! ጉልበቱ የሚነሣው መሬቱን ከሚገፋው እግር ነው። ወርዋሪው የፊት እግሩን ሰንዝሮ ሲረግጥ ዳሌው ይዞራል፤ ዳሌ ደረትን፣ ደረት ትከሻን፣ ትከሻ ክርንን ይጎትታል፤ ክንድ የምትደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ማሽላ ከወፍ የጠበቀ ልጅ ይህን ያውቀዋል፤ ወንጭፍም ቢሆን ከሰውነት የተቀበለውን ኃይል ነው በጫፉ የሚለቀው።

ስለዚህ ልምምዳችን ብረት ማንሣት፣ በአንድ እግር መዝለል፣ ከዳሌ እየዞሩ ከባድ ኳስ ግድግዳ ላይ መወርወር፣ ርቀት እየጨመሩም መወራወር ሆነ። ከመደበኛዋ ኳስ፣ ማለት ከ145 ግራም ገደማ፣ የሚከብዱ ኳሶችን መወርወርም አለ። እሱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ከ13 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ልጆችን 6 ሳምንት በዚህ አሠልጥኖ ነበር፤ ፍጥነታቸው 3 በመቶ ያህል ሲጨምር ከአራቱ አንዱ ገደማ ተጎዳ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ አይደል?

ከእኛ መካከል ፈጣኑ፣ እዚሁ ያደገው ጓደኛችን፣ አንድ ቀን የክርኑን ውስጠኛ ጎን ይዞ «ትንሽ ይቆረጥመኛል» አለ። አሠልጣኙ «ቻለው፣ ይለቅሃል» አለው። እኛ ግን ኳሷን ከእጁ ወሰድንበት። ሳምንት ሙሉ አኮረፈን። በዚያች ኳስ የትምህርት ክፍያውን ሊሸፍን ተስፋ ያደረገ ልጅ ነውና ማኩረፉ አይፈረድበትም።

እኛን ያስፈራን የቶሚ ጆን ታሪክ ነው። የሎስ አንጀለስ ዶጀርሱ ወርዋሪ በ1974 እ.ኤ.አ. የግራ ክርኑ ጅማት ተበጥሶ ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቀኝ ክንዱ በወሰደው ጅማት ተካለት። 1975ን ሙሉ ሳይጫወት ከርሞ በ1976 ተመለሰ፤ እስከ 1989ም ወረወረ። ዛሬ ቀዶ ጥገናው በስሙ ይጠራል። ታዲያ እሱ በመዳኑ ተጽናንተው «ቢበጠስ ይጠገናል» የሚሉ አሉ። የሜጀር ሊግ ቤዝቦል ራሱ በታኅሣሥ 2024 ባወጣው ሪፖርት ፍጥነትን ማሳደድ ለወርዋሪዎች ጉዳት መብዛት አንዱ ምክንያት መሆኑን ገልጿል።

ጓደኛችን ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ጅማቱ አልተበጠሰም፣ ተለጥጧል እንጂ፤ እረፍትም ታዘዘለት። አሁን እግሩንና ወገቡን ያጠነክራል፤ የሚወረውረው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ራዳሩ ላይ የሚታየው ቁጥር ገና ወደ ቀድሞው አልተመለሰም፤ እኛም አንጠይቀውም። የምንጠይቀው ክርኑን ነው።