ሰው የሌለበት ሥዕል



እኛ የደብረ ታቦር ልጆች ሥዕል ልንማር አዲስ አበባ በመጣን ጊዜ ከየቤታችን የተሰጠን ምክር አንድ ነበር፤ «ሩሕ ያለውን እንዳትሥሉ!» ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ ዑለማዎች ብዙ ተነጋግረውበታል። አብዛኞቹ ነፍስ ያለውን ነገር መሣል ይከለክላሉ። ሆኖም በእጁ ሥራ የሚተዳደር አንድ ሠዓሊ ኢብን ዐባስን (ረ.ዐ.) በጠየቃቸው ጊዜ፣ መሥራቱ ግድ ከሆነበት ዛፍንና ሩሕ የሌለውን ነገር እንዲሥል እንደመከሩት ቡኻሪ ዘግበዋል። እኛም የያዝነው ይህንኑ መንገድ ነው።

ትምህርቱ በመልመጃ የተሞላ ነው። ወረቀቱን ሳያዩ፣ ዓይንን ከዕቃው ሳይነቅሉ ጀበና መሣል፤ ወንበር በግማሽ ደቂቃ መጨረስ፤ ደግሞም ወንበሩን ትቶ በእግሮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ብቻ መሣል። ይህኛው እንግዳ አልሆነብንም። ቁርኣን ቤት ለውሕ ላይ ስንጽፍ በፊደሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከተበላሸ ቃሉ እንደማይነበብ እናውቅ ነበርና።

ከመልመጃው ይልቅ የሚከብደው የሳምንቱ መጨረሻ ነው። ሁሉም ሥራውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ ጓደኞቹም እየተነሡ ያዩትን ይናገራሉ። «ያምራል» ብሎ መቀመጥ አይቆጠርም። ሐሜት ማለት፣ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ወንድም የሚጠላውን በሌለበት ማንሣት መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። በግድግዳው ፊት ግን ባለቤቱ ቆሟል፤ ይሰማል፣ ይመልሳል። ሙእሚን ለወንድሙ መስተዋት መባሉን እዚያ ሆነን ደጋግመን አስበናል፤ መስተዋት ፊት ለፊት ይናገራል እንጂ ከኋላ አያወራም።

ከመካከላችን አንዱ ጉናን ሣለ። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ተራራ፣ ጅብራውን ሳይቀር አሳምሮ ሠራው። አንዲት የጅማ ልጅ ተነሥታ «ተራራው ከፊቱ ካለው የገብስ ማሳ እኩል ጠቁሯል፤ እዚሁ አጠገቤ የቆመ ይመስላል» አለችው። ሩቅ ያለ ነገር በመካከል ባለው አየር የተነሣ እየፈዘዘና ወደ ሰማያዊ እያደላ እንደሚታይ መምህራችን ያስረዱን ያን ቀን ነው። እኛ ደግሞ ጉናን በየማለዳው ስናየው ያደግን ነን!

ሌላው ጓደኛችን የሰፈራችንን መስጊድ በጁሙዓ ቀን ሣለ። በሩ፣ ሚናራው፣ ባሕር ዛፉ ሁሉ ተሟልቷል። «ሰዉ የት ሄደ? ጦርነት ያባረረው ሰፈር ይመስላል» ተባለ። ልጁ ያን ማታ እራት አልበላም። ሃይማኖቱ የተነካ መስሎት ስለነበር ትምህርቱን ትቶ ወደ አባቱ ሱቅ ሊመለስ ማሰቡን ነገረን። ተናጋሪውን ፈልገን ጠየቅነው። «ሰው ሣል አላልኩም፤ ሰው መኖሩን አሳየኝ ነው ያልኩት» አለን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። እስከ ዒሻእ ድረስ ስንነጋገርበት ቆየን።

በሳምንቱ አዲስ ወረቀት ተሰቀለ። የመስጊዱ ደጃፍ ጫማ በጫማ ሆኗል፤ የገበሬው በረባሶ፣ የነጋዴው ቆዳ ጫማ፣ የሕፃን ኮንጎ። ከግድግዳው ሥር የውዱእ ጆግ ተጋድሟል፤ መሬቱም ገና እርጥብ ነው። አንድም ሰው የለም፤ ውስጡ ግን በሰጋጆች መሙላቱን ማንም ያውቃል። ክፍሉ ለጊዜው ጸጥ አለ።

ያችው የጅማ ልጅ እጇን አወጣች። «ጫማዎቹ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል። ዘግይቶ እየሮጠ የገባ ሰው የለም እንዴ?»

ልጁ ሣቀና እርሳሱን አነሣ።